«ካምቢዮው ይውረድ» ከመባሉ በፊት

ባለፈው እትም ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ማርሹን ራሱ ስለሚቀይረው ሳጥን፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አላሳፈራችሁኝም፣ ደብዳቤው ጎርፏል። አብዛኛው የመጣው አነስተኛ ኤስዩቪ ከምትነዱ ነው። ሳነበው አንድ ታሪክ ይደጋገማል፦ መኪናው ትንሽ ያመዋል፣ ጋራዥ ይገባል፣ ኮፈኑ ገና ሳይከፈት «ካምቢዮው ይውረድ»፣ ማለትም ተፈትቶ ይውጣ፣ ይባላል። እኔ ካምቢዮ ሳወርድና ስሰቅል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማውረድ አልጠላም፣ እንጀራዬ ነው። ግን ካወረድኳቸው መካከል ባይወርዱም ይድኑ የነበሩ እንዳሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ የማይወርደውንና የሚወርደውን እንለይ። የመኪናችሁን ስም ሆን ብዬ አልጻፍኩትም።

ጥያቄ፦ ጠዋት አስነስቼ ዲ ውስጥ ሳስገባ ወዲያው አይዝም። ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም ይልና ዱብ ብሎ ይይዛል። ከሞቀ በኋላ ምንም የለበትም። መካኒኬ «ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ይውረድ» አለኝ። ላውርድ?
— ጠዋት ጠዋት የሚጨነቀው

መልስ፦ ቆይ፣ አታውርድ። የዘይቱን ልክ ያየ ሰው አለ? ደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚይዘው በዘይት ግፊት ነው። ፓምፑ ዘይቱን ከኮፓው (ከሥር ካለው የዘይት ገንዳ) ስቦ ይገፋል፣ ግፊቱ ፍሪሲዮኖቹን (ሲጨመቁ ተያይዘው ጉልበት የሚያስተላልፉትን ዲስኮች) ይጨምቃል፣ መኪናው ይሄዳል። ዘይቱ ጎደል ካለ ፓምፑ አየር አብሮ ይስባል፣ ግፊቱ እስኪሞላ ድረስ አንተ ዲ ላይ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። ሲሞቅ ደግሞ ዘይቱ ስለሚሰፋ ልኩ ከፍ ይላል፣ ችግሩም የጠፋ ይመስላል። ያንተ መኪና የሚያደርገው ቁርጥ ይህንኑ ነው።

የዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው ራስህ ማየት ትችላለህ። አሥራ አምስት ሃያ ደቂቃ ነድተህ አሙቀውና ሜዳ ላይ አቁመው። ሞተሩ እየሠራ፣ እግርህ ፍሬን ላይ ሆኖ፣ ማርሹን ከፒ ጀምረህ በሁሉም ላይ ቀስ እያልክ አሳልፈህ ወደ ፒ መልሰው። ከዚያ ዘንጉን ምዘዝ፣ ብናኝ በማይተው ጨርቅ ጥረግ፣ እስከ መጨረሻው ክተት፣ እንደገና ምዘዝና በሙቅ ምልክቶቹ መካከል መሆኑን እይ። ብዙዎቹ የሆንዳ ካምቢዮዎች ግን የሚለኩት ሞተሩ ጠፍቶ ነው፣ ከጠፋ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ፤ ስለዚህ የመኪናህን መጽሐፍ አንብብ። አዲሶቹ ላይ ዘንጉ ጭራሽ የለም። እነሱ ከሥር ባለ ቡሎን ነው የሚለኩት፣ የዘይቱ ሙቀት በኮምፒውተር እየታየ፣ ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውስጥ፣ ትርፉ ጠብ ጠብ እስኪል ይጠበቃል። መሬት ላይ ተኝቶ ቡሎን ፈትቶ «ሙሉ ነው» የሚል መካኒክ ሙቀቱን ካላየ የነገረህ ነገር የለም።

ዘንጉ ላይ ያለውን ጠብታ ነጭ ጨርቅ ላይ ጣለው። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ነው። ትንሽ ቡናማ ከሆነ እርጅና ነው። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ከሸተተህ መካኒክህ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ወተት የገባበት የመሰለ ሮዝ ከሆነ ግን መኪናውን አታስነሳው፤ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ተሰንጥቆ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው፣ ውሃ ደግሞ የፍሪሲዮኑን ሽፋን ይልጠዋል።

ጎድሎ ካገኘኸው መሙላት ብቻውን አይበቃም። የካምቢዮ ዘይት እንደ ቤንዚን አያልቅም፤ ከጎደለ ፈሷል። የኮፓውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ከካምቢዮው የሚወጡበትን የዘይት ማሸጊያ፣ ወደ ራዲያተር የሚሄዱትን ቱቦዎች አሳይ። ልኩ ሞልቶ፣ ዘይቱ ንጹህ ሆኖ፣ ፊልትሮውም ተቀይሮ ጠዋት አሁንም ከዘገየ፣ ውስጥ ያሉት የግፊት መያዣ ጎማዎች ደርቀዋል ማለት ነው። ያኔ ይወርዳል፣ ምን ይደረጋል።

ጥያቄ፦ ከ60 እስከ 80 ባለው ፍጥነት ነዳጁን ቀለል አድርጌ ስነዳ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ልክ የተበላሸ ጠጠር መንገድ ላይ እንዳለሁ። ሻማ ቀየርኩ፣ ኮይል ቀየርኩ፣ ጎማ ባላንስ አስደረግኩ። ወይ ፍንክች። 128 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። የካምቢዮ ዘይቱ ተቀይሮ አያውቅም፣ «ከነካኸው ይሞታል» ስላሉኝ።
— ሻማ የሰለቸው

መልስ፦ የሻማው ወጪ አሳዘነኝ። ነጻ የሆነ ፈተና አለ። ባዶና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መንቀጥቀጡ ሲጀምር፣ ቀኝ እግርህ ነዳጁን እንደያዘ በግራ እግርህ የፍሬኑን መርገጫ ነካ ብቻ አድርግ፤ የፍሬን መብራት እስኪበራ ያህል፣ መኪናው እስኪቀንስ ድረስ አይደለም። መንቀጥቀጡ ወዲያው ከጠፋ የሻማ ነገር አይደለም።

ምክንያቱም ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር በዘይት ነው ጉልበት የሚያስተላልፈው። በዘይት በኩል ሲያልፍ ትንሽ ጉልበት ስለሚባክን፣ ፍጥነቱ ረጋ ሲል ውስጡ ያለች አንዲት ፍሪሲዮን ትይዝና ሁለቱን ታቆራኛለች። ፍሬን ስትነካ ኮምፒውተሩ ያችን ፍሪሲዮን ይለቃታል። ዘይቱ ሲያረጅ ደግሞ እሷ በደንብ አትይዝም፤ ትይዛለች፣ ትንሸራተታለች፣ ትይዛለች፣ ትንሸራተታለች፣ በሰከንድ ብዙ ጊዜ። አንተ ጠጠር መንገድ ያልከው እሱን ነው። ገና ሲጀምር ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ በዘይት ቅያሬ ብቻ ይድናል። ለወራት ከተነዳ ፍሪሲዮኗ ትበላለች፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ መቀየር አለበት፣ እሱን ለመቀየር ደግሞ ካምቢዮው ይወርዳል። ስለዚህ ፍጠን።

አሁን ወደ «ከነካኸው ይሞታል» እንምጣ። ይህ ወሬ ዝም ብሎ አልተፈጠረም። ሰው ካምቢዮው መንሸራተት ሲጀምር ይደነግጥና የመጀመሪያውን ዘይት ያን ጊዜ ይቀይራል። ፍሪሲዮኑ ቀድሞ አልቆ ስለነበር ከሳምንት በኋላ ይቆማል። ከዚያ «ዘይት ቀይሬ ገደልኩት» ይላል። የሞተው ግን ሳይቀየር በኖረባቸው ዓመታት ነው። አንድ ነገር ላይ ግን ወሬኞቹ ትክክል ናቸው፦ በማሽን ግፊት እየገፉ ማጠብ በዕድሜ የገፋ ካምቢዮ ላይ የተኛ ቆሻሻ ቀስቅሶ ጠባቦቹን የቫልቭ መንገዶች ሊደፍን ይችላል። እኔ አላደርገውም።

የማደርገው ይህን ነው። ኮፓውን እከፍታለሁ፣ ፊልትሮው የሚቀየር ዓይነት ከሆነ እቀይራለሁ፣ የወጣውን ለክቼ ያንኑ ያህል አዲስ እሞላለሁ፣ ከዚያ ልኩን አያለሁ። በአንድ ጊዜ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፣ ሌላው ቶርክ ኮንቨርተሩና ቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተህ ትደግመዋለህ። በየጊዜው ግማሹ ቢወጣ በሦስተኛው ላይ ከአሮጌው የሚቀረው አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው።

ኮፓው ሲከፈት እዚያው ቁም። ከታች ክብ ማግኔቶች አሉ። ላያቸው ላይ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ነገር ካለ አትደንግጥ፣ የዓመታት ተፈጥሯዊ ብናኝ ነው፤ በጣትህ ስታሸው ልስልስ ይላል። ጣትህን የሚወጋ የሚያብለጨልጭ ስንጣሪ ካገኘህ ግን ከውስጥ የሚፈጭ ብረት አለ፣ የዘይት ቅያሬው ነገር እዚያ ላይ አበቃ።

የዘይቱ ዓይነት ላይ አትደራደር። ደብሊውኤስ የሚል ቶዮታ ደብሊውኤስ ነው የሚፈልገው፣ ኤስፒ-4 የሚል ሀዩንዳይ ወይም ኪያ ያንኑ፣ ዲደብሊው-1 የሚል ሆንዳ ያንኑ። «ለሁሉም ይሆናል» የተጻፈበትን ዘይት እኔም በጀማሪነቴ አንዱ መኪና ላይ ሞልቼ፣ በሳምንቱ ማርሽ በቀየረ ቁጥር የሚደነብር ሆኖ መጣልኝ። ሁለት ጊዜ በራሴ ኪሳራ ቀየርኩት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ጥያቄ፦ የእኔ ሲቪቲ ነው። ረጅም ዳገት ላይ አርፒኤሙ (የሞተሩ ዙር) ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም። ከዚያ አንድ መብራት በርቶ ጉልበቱ ይወርዳል። አቁሜ ስነሳ ደህና ነው። በተጨማሪ ከ50 በላይ ስሄድ «ዊዊዊ» የሚል ድምፅ ጀምሯል።
— የዳገቷ

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቅሽኝ። አንዱ ምናልባት ቀላል ነው፣ ሌላው ያሳስበኛል።

መጀመሪያ ሲቪቲ የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ እንደ ሌላው ማርሽ የለውም። ሁለት የሚጠቡና የሚሰፉ ፑሊዎች (መዘውሮች) አሉት፣ በመካከላቸው የብረት ቺንጋ። ሐሳቡ አሮጌ ነው፣ የኔዘርላንዱ ዳፍ በ1958 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያሳየው ትንሽ መኪና በጎማ ቺንጋ በዚሁ መንገድ ይሄድ ነበር። የዛሬው ቺንጋ በቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ላይ የተደረደሩ በመቶ የሚቆጠሩ የብረት ቁርጥራጮች ናቸው። ስለዚህ ዳገት ላይ አርፒኤሙ አንድ ቦታ ቆሞ መጮሁ ብቻውን በሽታ አይደለም፣ ሲቪቲ እንደዚያ ነው የሚሠራው። በሽታው ጉልበቱ መውረዱ ላይ ነው።

ያ የሚሆነው ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ነው። ኮምፒውተሩ ቺንጋው እንዳይንሸራተት ብሎ ሞተሩን ያፍነዋል። ራሱን እያዳነ ነው፣ አትበሳጪበት። ሲሆን ዳር ይዘሽ ቁሚ፣ ፒ ውስጥ አስገቢ፣ ሞተሩን ግን ወዲያው አታጥፊው፤ ዘይቱ እየተዘዋወረ ፋኑ እየሠራ ይቀዝቅዝ። ቀጥሎ ራዲያተሩን አሳዪ። ራዲያተሩና ከፊቱ ያለው የኤሲ ማቀዝቀዣ መካከል አፈር፣ ላባ፣ ነፍሳትና ቅጠል ይጠራቀማል። ከፊት ስታዪው ንጹህ ይመስላል፣ በሁለቱ መካከል በባትሪ መብራት ሲታይ ግን ምንጣፍ ነው። እሱን በቀስታ ከኋላ ወደ ፊት በውሃ ማጠብ ብቻውን የዳገቱን ችግር ሲያጠፋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከዚያ ዘይቱ። ሲቪቲ ላይ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ማድረግ ካምቢዮውን መግደል ነው፣ ምክንያቱም የሲቪቲ ዘይት ሥራው ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ብረት በብረት ላይ እንዳይንሸራተት ማድረግም ነው። ኒሳን እንደ ሞዴሉ ኤንኤስ-2 ወይም ኤንኤስ-3 ይላል፣ ሆንዳ ኤችሲኤፍ-2። ከዓይነቱ ውጪ ከሆነ ቺንጋው ፑሊውን ይቧጥጠዋል፣ የተቧጠጠ ፑሊ ደግሞ አይመለስም።

አሁን «ዊዊዊ»ው። ካምቢዮውን ከመወንጀልሽ በፊት የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው ላዩ ላይ የሚዞርበት ኳስ ያለው ብረት) ይሁን አይሁን ለዪ። በፍጥነት እየሄድሽ ረጋ ብለሽ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትይ ድምፁ ከፍ ዝቅ ካለ ብዙውን ጊዜ የጎማ ኩሽኔታ ነው፣ ካምቢዮ አይነካም። መሪው ምንም ሳይለውጠው ከፍጥነቱ ጋር ብቻ ከቀጠነና ኮፓው ውስጥ የብረት ስንጣሪ ከተገኘ የካምቢዮው የውስጥ ኩሽኔታ ነው። ይህ ይወርዳል። መዘግየትም አያዋጣም፣ ኩሽኔታው የሚረጨው ብረት ፓምፑንና ቫልቭ ቦዲውን (ዘይቱን ወደየቦታው የሚያከፋፍለውን ክፍል) ይዞ ይሄዳል። ቫልቭ ቦዲው ወይም ካምቢዮው ከተቀየረልሽ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂ፦ «የአዲሱ ዕቃ መለኪያ ቁጥሮች ወደ ኮምፒውተሩ ተጭነዋል?» ብዙ ሲቪቲዎች ላይ ይህ ካልተደረገ አዲሱ ዕቃ እንደ አሮጌው ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ደግሞ «የሸጡልኝ አሮጌ ነው» ብሎ ይጣላል።

ጥያቄ፦ በድንገት ከሦስተኛ ማርሽ አልወጣም አለ፣ ሲነሳ ደግሞ በጣም ከባድ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ «ፒ0700» አለ። ያነበበው ልጅ «ካምቢዮ ማለት ነው» አለ። ባለፈው ወር ባትሪዬ ሁለት ጊዜ ወድቋል፣ ካገናኘው ብዬ ነው።
— ሦስተኛ ላይ የቀረው

መልስ፦ ያገናኘዋል ብለህ ባትሪውን መጻፍህ ጎበዝ ነህ። ከልጁ ትሻላለህ።

ፒ0700 በሽታ አይደለም፣ መልእክተኛ ነው። የካምቢዮው ኮምፒውተር ለሞተሩ ኮምፒውተር «እኔ ጋ የተመዘገበ ነገር አለ» ያለበት ነው። እውነተኛው ኮድ በካምቢዮው ኮምፒውተር ውስጥ አለ፣ ጥሩ ስካነር ይዘህ እዚያ መግባት ነው። ሦስተኛ ላይ መቆለፉም ራሱን የመጠበቂያ ዘዴ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ላይ የማያምነው ነገር ሲያገኝ አንድ ማርሽ ይዞ ቤት ያደርስሃል።

ስለዚህ ከርካሹ ጀምር። ሙሉ የሆነ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.7። ከዚያ በታች ከሆነ ሶሌኖይዶቹ (የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍቱና የሚዘጉት ቫልቮች) በደንብ አይከፍቱም፣ ኮምፒውተሩም የማይረባ ኮድ ይመዘግባል። ቀጥሎ የባትሪ ምላሶችና የመሬት ሽቦው። ቀጥሎ የካምቢዮው ሶኬት፤ ንቀለውና ውስጡ ዘይት ወይም ዝገት እንዳለ እይ። ቀጥሎ የፍጥነት ሴንሰሮቹ። ካምቢዮው ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት አሉ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ዙር የሚቆጥሩ፤ አንዷ ከታወረች ማርሹ ይጠፋዋል። በብዙ መኪናዎች ላይ ከውጭ በአንድ ቡሎን የታሰሩ ናቸው።

ኮምፒውተሩ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበትም አለ። በፈረንጆቹ ከ2001 እስከ 2003 የተሠራው ቶዮታ ራቭ 4 ለዚህ የታወቀ ነው፦ የሞተሩ ኮምፒውተር ሲበላሽ ማርሹ በኃይል እየደነበረ ይቀያየራል፣ ዝም ከተባለም ካምቢዮውን ይጎዳል። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለዚያ ኮምፒውተር ዋስትናውን እስከ 10 ዓመት አራዝሞለት ነበር። ኮምፒውተሩ ሳይታይ ካምቢዮ የቀየረ ሰው አዲሱንም ያበላሸዋል።

ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስ ደግሞ ካምቢዮው የለመደውን ሊረሳ ይችላል። ለጥቂት ቀናት ማርሽ ሲቀይር ትንሽ ቢያንገራግጭ ረጋ ብለህ ንዳው፣ ይለምዳል።

ጥያቄ፦ ከአር ወደ ዲ ሳደርግ «ድም!» ይላል፣ መኪናው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ዘይቱ አዲስ ነው።
— ድም

መልስ፦ ሞተሩንና ካምቢዮውን ተሸክመው ሻንሲው ላይ የሚያስሩትን ጎማዎች እይ። ኮፈኑን ክፈት፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ አንድ ሰው ፍሬን አጥብቆ ረግጦ ከዲ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ ይመላልስ። አንተ ከጎን ሆነህ ተመልከት፤ ከፊት ወይም ከኋላ እንዳትቆም። ሞተሩ ብድግ ብሎ ከወደቀ ጎማው ተቀድዷል። ካልተነሳ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለውን የሞተር ዙር) አሳይ፤ ከፍ ካለ ማርሹ በኃይል ይገባል። ሁለቱም ከካምቢዮው ውጪ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ትናንት መኪናው ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሹ ግን ከፒ አልወጣም አለኝ። ፍሬን ረግጬም እምቢ አለ። ካምቢዮው ተሰብሮ ይሆን?
— አባት

መልስ፦ አባቴ፣ አይዞዎት፣ አልተሰበረም። አንድ ሰው ከኋላ ያቁሙና ፍሬን ይርገጡ። የፍሬን መብራቱ ካልበራ ነገሩ አለቀ፦ መኪናው ፍሬን መርገጥዎን አላወቀም፣ ሳያውቅ ደግሞ ማርሹን አይለቅም። ከመርገጫው በላይ ያለችው ትንሽ የፍሬን መብራት ስዊች ወይም ፊውዙ ነው። በጣም ርካሽ ከሆኑት ዕቃዎች አንዷ ናት።

እስኪቀየር ድረስ፣ ብዙ መኪናዎች ላይ ከማርሹ አጠገብ ትንሽ ክዳን አለች። የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ፍሬኑን ይርገጡ፣ ክዳኗን አንስተው ውስጥ ያለውን በቁልፍ ጫፍ ተጭነው ማርሹን ወደ ኤን ይሳቡት። ግን የፍሬን መብራትዎ እንደማይሠራ አይርሱ፤ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪሺያን ነው የሚሄዱት፣ ያውም በቀን።

መብራቱ ከበራ ደግሞ ይጠይቁኝ፦ ያቆሙት ተዳፋት ላይ ነበር? የእጅ ፍሬን ሳይያዝ ፒ ብቻ ከተደረገ የመኪናው ክብደት በሙሉ ፒ ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ጥርስ ላይ ያርፋል፣ ማርሹም አልወጣም ይላል። ከእንግዲህ ሲያቆሙ በዚህ ቅደም ተከተል ያድርጉት፦ እግርዎ ፍሬን ላይ እያለ ኤን፣ ከዚያ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ እግርዎን ላላ አድርገው መኪናው በእጅ ፍሬኑ ላይ ማረፉን ይዩ፣ በመጨረሻ ፒ።

ጥያቄ፦ አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና አለኝ። ቢቆምብኝ በገመድ ይጎተታል? ቁልቁለትስ ላይ ኤን አድርጌ ብወርድ ነዳጅ ይቆጥባል?
— ሁለት በአንድ

መልስ፦ በገመድ፣ አይሆንም። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፣ ጎማው እየዞረ ካምቢዮው ግን ዘይት ሳያገኝ ይፈጫል። አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ፣ ሎቤድ ላይ ነው የሚጫነው። ሁለቱን ብቻ ማንሳትም ለአንተ መኪና አይሠራም፣ የቀሩት ሁለቱ የኃይል ማከፋፈያውን ያቃጥሉታል። በዚያው አራቱም ጎማህ እኩል መጠንና ተቀራራቢ ጥርስ ይኑራቸው፤ ሁለት አዲስ ሁለት የተላጠ ከሆነ ማከፋፈያው ቀኑን ሙሉ ይታገላል።

ኤን አድርጎ መውረዱ አይቆጥብም። ዲ ላይ ሆነህ እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ የዛሬ ሞተር ቤንዚን መርጨቱን ጭራሽ ያቆማል፤ ኤን ላይ ግን እንዳይጠፋ ይረጫል። ፍሬንህም ብቻውን ይቃጠላል። ዲ ላይ ተወው፣ ቁልቁለቱ ከከበደ ወደ ኤል ወይም ኤስ ዝቅ አድርገው።